ጋሽ ይድነቃቸውና የ1968ቱ ድሬዳዋ

በ1968 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ ድሬዳዋ ስታዲየም የገባ የድሬ ልጅ ቀላል ኳስ አላየም። 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲካሄድ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የተደለደሉበት ምድብ የደረሰው ለድሬ ነበር። ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2 ረታች። ሞሮኮ ደግሞ ናይጄሪያን 3 ለ 1። የዋንጫው ባለቤት ዛየር፣ ያቺ ከሁለት ዓመት በፊት የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫወተችው ዛየር፣ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከድሬ ተሰናበተች። በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ነች።

የዚያን ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዝዳንት ታዲያ የኛው ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ፣ በ1914 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረፁት። ልጅየው ግን ያባታቸውን መንገድ ትተው ኳስ ያዙ። ገና በልጅነታቸው ቅዱስ ጊዮርጊስ ገቡና 23 ዓመት ተጫወቱ። 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል! ዛሬ አንድ አጥቂ በዓመት 15 ጎል ካገባ ስንት እንደምንጽፍለት እናንተው ታውቃላችሁ።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሐበሻው ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ተከልክሎ ነበር። ቀለም እየተለየ በሚጫወትበት ከተማ ነው እንግዲህ ይድነቃቸው ኳስ ተጫዋች የሆኑት። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲዘጋጅ ግን ጊዮርጊስ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና ከእንግሊዝ ጦር ቡድን ጋር ተወዳድሮ ዋንጫውን በላ።

በ1949 ዓ.ም. ካፍ ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች፤ ከመጀመሪያው ውድድር ታገደች። ከሷ ጋር ተደልድላ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። እዚያ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን እንጂ!

ያ ቂም የተከፈለው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። አሠልጣኙ ራሳቸው ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ሁለት ጊዜ አገኘናት። ሁለተኛዋን ያስቆጠረው የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ (ኮተን) ተጫዋች የነበረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2። እስካሁን ያለን አንድ የአፍሪካ ዋንጫ ይሄው ነው።

በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ አንድ የዓለም ዋንጫ ቦታ ብቻ ሲሰጥ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃወሙ። አፍሪካ ሙሉ በሙሉ ከማጣሪያው ወጣች። ነገሩ ሠራ፤ በ1962 ዓ.ም. አፍሪካ የራሷን ቦታ አግኝታ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች።

የካፍ ፕሬዝዳንትነቱን በ1964 ዓ.ም. ያዙ። ሁሉም ሐሳባቸው ይጥመኛል አልልም። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ውጪ የሚጫወቱ ከሁለት በላይ ተጫዋቾች እንዳያሰልፍ የሚለውን ደንብ አጥብቀው ይደግፉ ነበር። አፍሪካ ልጆቿን ለአውሮፓ ሸጣ ባዶ እንዳትቀር ሰግተው ነው፤ ግን አገሩ እንዳይጠራው የተደረገው ልጅ ጥፋቱ ምን ነበር? በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ግን ማንም አይሞግታቸውም። የድሬው ምድብ ካለቀ አራት ወር ገደማ በኋላ፣ ሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው የፊፋ ጉባዔ፣ ዓመታት የታገሉለት ነገር ሆነ፤ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

ይድነቃቸው በፕሬዝዳንትነት ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አገሯ ላይ አዘጋጀች፤ በፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ሁለቱንም ጎል ያገባው ማርክ ዊሊያምስ ነው። ማንዴላ በተገኙበት ዋንጫውን ከፍ ያደረገው አምበል ደግሞ ነጩ ኒል ቶቬይ ነበር።