የእረኛውን ዋሽንት ኦርኬስትራ ያስገቡት ሰው

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ አምድ ተራው የኔ ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ አምድ ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ሯጮች ነው የምናነበው። እኔ ግን ስለ አንድ የሙዚቃ ሰው ልጽፍላችሁ ነው። ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ መጀመሪያ ልንገራችሁ።

እኔ ቅዳሜና እሁድ ፍየል እጠብቃለሁ። አጎቴ ቦርከና ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ ዋሽንት ሠርቶልኛል፤ አራቱን ቀዳዳዎች በጋለ ብረት ነው የበሳቸው። ባለፈው ወር ለእረፍት ሰዓት ፕሮግራም ዋሽንት ልነፋ ስመዘገብ አንዳንድ ልጆች ሳቁብኝ። ዋሽንት የእረኛ ነው፣ ማይክ ላይ የሚቀርበው ዘመናዊ ሙዚቃ ነው አሉኝ። በጣም አፍሬ ስሜን አሰረዝኩ። ይህን የሰሙት የክወናና እይታ ጥበባት መምህራችን ጠርተውኝ ስለ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ነገሩኝ።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ሙዚቃ ለመማር አሜሪካ ሄደው ሮቸስተር በሚባል ከተማ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቁ። እዚያ የተማሩት የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ነው። ክላሲካል ሙዚቃ በኖታ ይጻፋል፤ ቫዮሊኑ፣ ክላርኔቱ፣ መለከቱና ከበሮው ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ በአንድ መሪ እጅ ይመራል። ይህ ስብስብ ኦርኬስትራ ይባላል።

ከዚያ ወደ አገራቸው ተመልሰው አዲስ አበባ የተከፈተው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ያኔ ገና ወጣት ነበሩ። ዛሬ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የምንለው እሱ ነው፤ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። እዚያ ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም ትምህርት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ገረመኝ። ዋሽንት በዩኒቨርሲቲ ይመረቁበታል ማለት እኮ ነው!

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ፕሮፌሰር አሸናፊ ለኦርኬስትራ ድርሰት ሲጽፉ ርዕሱን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? እረኛው ባለዋሽንት! ያን ሁሉ የውጭ አገር ትምህርት ተምረው የድርሰታቸው ስም ያደረጉት ፍየልና በግ የሚጠብቀውን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ሀንጋሪ ሄደው የዚያን አገር ኦርኬስትራ መሩ። በሀንጋሪ ዞልታን ኮዳይ የሚባል ትልቅ የሙዚቃ ሰው ነበር። እሱም በየገጠሩ እየዞረ የገበሬዎችን ዘፈን ሰብስቦ ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር ያዋሐደ ነው። ስለዚህ ፕሮፌሰር አሸናፊን ጥቁሩ ኮዳይ ብለው ጠሯቸው።

ግን ማዋሐድ ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ በሰባት ድምፅ ይሄዳል፤ የኛ ቅኝት ደግሞ አምስት ድምፅ ነው ያለው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸው የኛው የወሎ ነው። ከሐርቡ ተነስታችሁ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምሥራቅ ብትታጠፉ ባቲ ትደርሳላችሁ፤ ደሴን አልፋችሁ ወደ ሰሜን ብትሄዱ አምባሰልን ታገኛላችሁ። ሌሎቹ ትዝታና አንቺሆዬ ናቸው። ለካ ጃፓኖችም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት አላቸው! ኮቶ የሚባል ረጅም የእንጨት መሣሪያ አላቸው፤ አሥራ ሦስት ክር ነው ያለው፤ እንደ ክራር በጣት ይመታል። ፕሮፌሰር አሸናፊ ይህን ኮቶ ከአውሮፓ ቫዮሊንና ክላርኔት ጋር የሚያጫውት ኮቱሬዢያ የሚባል ድርሰት ጽፈዋል። ኢትዮጵያዊ የጃፓንን ክር ከአውሮፓ ክር ጋር አስታረቀ ማለት ነው።

በኋላም አሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ባጠኑት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ጥቁሮች ሙዚቃ መሠረት መጽሐፍ አሳተሙ። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት አስተማሩ። በ1990 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው እዚያው ፍሎሪዳ አረፉ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ሥራቸው ግን እኔ ጋ ደርሷል።

እኔም ስሜን መልሼ አስመዝግቤያለሁ። ከክፍላችን ኪቦርድ የሚችል ልጅ አለ፤ አብረን እየተለማመድን ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ቀን ፈጽሞ አልገጠመም። የኔ ዋሽንት ድምፁ ከኪቦርዱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዋሽንት ሲያጥር ድምፁ ስለሚቀጥን አጎቴን አጠር ያለ እንዲሠራልኝ ለምኜዋለሁ። ያን ቀን ነው ፕሮፌሰር አሸናፊ ምን ያህል እንደደከሙ የገባኝ።

ጓደኞቼ፣ ቤታችሁ ድቤ ወይ ክራር ካለ አትደብቁት፤ ይዛችሁት ኑ። እኛ ስንጫወትም መሳቅ ትችላላችሁ፤ ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሙን።