ስድስቱ የጨለማ ሳምንታት፦ ከቅዱስ ፍራንሲስ ዘሳልስ ሕይወት



ከመካከላችን አንዱ ከመዝሙር ልምምድ ሲቀር፣ ፊቱ ሲጠቁርና ሰው ሲሸሽ ስናይ ብዙ ጊዜ ለመፍረድ እንቸኩላለን። ጸሎት አነሰው፣ እምነቱ ደከመ እንላለን። እኛም ስለ አንድ ወንድማችን እንዲህ ያልንበት ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ወራት ከሁላችን ይበልጥ ይጸልይ እንደነበር የሰማነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ በወጣትነቱ በከባድ ኀዘን ውስጥ ያለፈውን የአንድ ታላቅ ቅዱስ ሕይወት በአጭሩ ልንነግራችሁ ወደድን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቅዱስ ፍራንሲስ ዘሳልስ በ1567 ዓ.ም. በሳቮያ ግዛት፣ ዛሬ በፈረንሳይ አገር በሚገኘው በአንሲ ከተማ አቅራቢያ፣ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የሕግ አዋቂ ሆኖ ለትልቅ ሹመት እንዲበቃ ስለ ተመኘ ወደ ፓሪስ ልኮ በኢየሱሳውያን ኮሌጅ አስገባው። በዚያ ዘመን በፓሪስ ሊቃውንት መካከል ብርቱ ክርክር ነበር፤ እግዚአብሔር ማን እንደሚድንና ማን እንደሚጠፋ አስቀድሞ ወስኗልን? የሚል።

በ1586 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ፍራንሲስ የ19 ዓመት ወጣት ሳለ ይህ ጥያቄ ከክርክርነት አልፎ የራሱ ቁስል ሆነበት። ከሚጠፉት ወገን ነኝ የሚል ሐሳብ ያዘው። ምግብ አስጠላው፣ እንቅልፍ ራቀው፣ ሰውነቱ ከሳ፣ መልኩም ገረጣ። ይህ የሆነው ጸሎት የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበል፣ በትምህርቱም የተመሰገነ ልጅ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀውም የሲኦል ሥቃይ ሳይሆን፣ በዚያ እግዚአብሔርን ለዘላለም መውደድ አልችልም ብሎ ማሰቡ ነበር።

ወደ ስድስት ሳምንት ያህል በዚህ ጨለማ ቆየ። በመጨረሻም በሚቀጥለው ሕይወት ምንም ቢደርስብኝ፣ ቢያንስ በዚህ ሕይወት አምላኬን እወድደዋለሁ ብሎ ቈረጠ። በ1587 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ቀን በፓሪስ ወዳለው ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በእመቤታችን ጥቁር ሐውልት ፊት ተንበረከከ፤ በዚያ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የነበረውን ወደ ድንግል ማርያም የሚቀርብ ልመናም አነበበ። ሲነሣ ያ ከባድ ሸክም ከላዩ ወርዶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ቢፈርስም ሐውልቱ ተርፎ እስከ ዛሬ በፓሪስ አጠገብ በኔዪ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ፍራንሲስ እግዚአብሔርን ለመውደድ የቈረጠው ኀዘኑ ከለቀቀው በኋላ ሳይሆን ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ነው። የመጽናናት ስሜት ለእምነት መለኪያ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ በፓዶቫ ተምሮ በ1591 ዓ.ም. በሕግ ዶክተር ሆነ፤ የአባቱን ሐሳብ ትቶ በ1593 ዓ.ም. ክህነትን ተቀበለ። በሻብሌ አውራጃ ሕዝቡ ስብከቱን አልሰማም ባለው ጊዜ ትምህርቱን በወረቀት ላይ እየጻፈ ለየቤቱ አደለ። በ1602 ዓ.ም. የጄኔቫ ጳጳስ ሆነ፤ ከተማይቱ በካልቪን ተከታዮች እጅ ስለ ነበረች ግን መንበሩ በአንሲ ነበር።

በ1604 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም በዲዦን ሲሰብክ ዮሐና ዘሻንታል የምትባል ሴት አገኘ። ባሏ በአደን ላይ በድንገት በተተኰሰ ጥይት ቆስሎ ሞቶባት፣ አራት ልጆች ይዛ የቀረች፣ በእምነት ጥርጥርም የምትሠቃይ ነበረች። ፍራንሲስ በፓሪስ የደረሰበትን እርሷን ለማጽናናት ብሎ ነገራት፤ እኛም ዛሬ ታሪኩን ያወቅነው ከሞቱ በኋላ እርሷ ስለ መሰከረች ነው። ቁስሉን ለሌላ ሰው መድኃኒት አደረገው ማለት ነው። በ1610 ዓ.ም. ሁለቱ በአንሲ የጉብኝተ ማርያም ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩም በጤና ማጣት ሌሎች ገዳማት የማይቀበሏቸውን ሴቶች ተቀበለ።

በ1609 ዓ.ም. በወጣው የመንፈሳዊ ሕይወት መግቢያ በተባለው መጽሐፉ ስለ ኀዘንና ስለ ጭንቀት ይመክራል። የተጨነቀች ነፍስ በወጥመድ ተይዛ በተፈራገጠች ቍጥር ይበልጥ እንደምትጠላለፍ ወፍ ናት ይላል። ምክሩም እንዲህ ነው፤ ባይጣፍጥህም ጸልይ፣ መንፈሳዊ መዝሙር ዘምር፣ እጅህን በሥራ አስይዝ፣ ቅዱስ ቁርባንን አዘውትር፣ ልብህን ለንስሓ አባትህ ክፈት። በራስህም ላይ አትቈጣ፤ ለሌላው እንደምትራራ ለራስህም ራራ።

ዛሬ ደግሞ ጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። ፍራንሲስ ራሱ በፓዶቫ ለሞት በሚያሰጋ ሕመም ተይዞ ሳለ፣ ቢሞት አስከሬኑ ለሕክምና ተማሪዎች መማሪያ እንዲሰጥ ጠይቆ ነበር። ስለ ሞት የሚያወራ ጓደኛ ያለን እንደሆነ ብቻውን አንተወው፤ ለቤተሰቡና ለካህን እንንገር፣ ሐኪም ዘንድም አብረነው እንሂድ።

ቅዱሱ በ1622 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ በ55 ዓመቱ ዐረፈ። በ1665 ዓ.ም. ቅድስናው ታወጀ፣ በ1877 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን መምህር ተባለ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የጋዜጠኞችና የጸሐፊዎች ጠባቂ ሆነ። ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ የምናዘጋጅ ሁሉ ባለ ዕዳዎቹ ነን።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የቀረ ወንድም ወይም የቀረች እኅት ካሉ፣ ለምን ቀረህ፣ ለምን ቀረሽ ለማለት ሳይሆን አብረን ለመቀመጥ ወደ ቤታቸው እንሂድ። እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።