ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በግዞት ምድር

እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። ለዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ ሦስት ልጆቿም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበለ ጊዜ ትዳሯንና የቤተ መንግሥት ክብሯን ትታ መነኰሰች። የአባቶቿን ሃይማኖት በግልጥ በማስተማሯም በምዕራብ ጠረፍ ወዳለው ቆላ፣ ወደ ዠበይ ተጋዘች።

በዚያ ሦስት ዓመት ኖረች። ሠራዊትም ሀብትም አልነበራትም፤ ሊቀሟት ያልቻሉት ከልጅነቷ የለመደችው ጾም፣ ጸሎትና ስግደት ብቻ ነበር። አዲስ መንገድ አልፈለገችም፤ ይህንኑ በየዕለቱ ሳታስታጉል ፈጸመች። ምእመናንም ወደ እርሷ ተሰበሰቡ፤ ከሰባቱ ማኅበሮቿ የመጀመሪያው የተመሠረተው በዚያው በግዞት ምድር ነው። የመኳንንት ልጅ ስትሆን እንደ አገልጋይ እህል ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመችው ሃይማኖት ተመለሰች። እናታችን ግን የችግሩን ቀን ሥርዓት በሰላሙ ቀን አላቃለለችም፤ በጣና ዙሪያ ማኅበሮቿን እየመራች ኖራ እ.ኤ.አ. በ1642፣ ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች። ገዳሟ በቋራጣ ይገኛል።

እኛም በባዕድ ምድር ሐዘን ወይም ማጣት ሲያገኘን የሚያጸናን ይኸው ነው፦ ከሌሊት ሥራ መልስ የሚደረስ አቡነ ዘበሰማያት፣ ከልጆች ጋር የሚጾም ረቡዕና ዓርብ፣ ከጥቂቱ ተከፍሎ የሚሰጥ ምጽዋት።

በረከቷ ይደርብን፤ አሜን።