ማርኮኒና የሞገድ ድልድል

ጉልየልሞ ማርኮኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. በኢጣልያ፥ በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ያለ ሽቦ ቴሌግራፍ ለማስተላለፍ በቃ። ነገር ግን ጣቢያዎች ሲበዙ የአንዱ መልእክት ከሌላው እየተደባለቀ አስቸገረ። ስለዚህ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ በ1897 የጀመረውን ዘዴ አዳብሮ፥ ላኪና ተቀባይ በአንድ የሞገድ ልክ የሚቃኙበትን መሣሪያ በ1900 በእንግሊዝ አገር በ7777 ቁጥር አስመዘገበ። በ1909 ከጀርመናዊው ካርል ብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በ1935 ፋሺስቶች ኢትዮጵያን ሲወሩ ደጋፊያቸው መሆኑ ግን ስሙን አጐደፈው። በ1937 በሮማ ሞተ።

ችግሩ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ሞገድ እንደ መሬት ውሱን ነው። ስለዚህ ዛሬም በእጅ ስልክ መረብ ውስጥ፥ በአንድ ሰፈር የተያዘው ሞገድ ለሌላ ሲታደል ወይ ራቅ ላለ ሰፈር ይሰጣል፥ ወይ የጣቢያው ኃይል ይመጠናል። የአንዱ ጩኸት የሌላውን ጆሮ ይደፍናልና።