ከአድዋ ወንዝ እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች፡ ዶክተር አክሊሉ ለማ

በአዋሽና በሰመራ ከተሞች በኩል ወደ መሃል አገር የሚገባውን ጭነት ጅቡቲ ወደብ የሚያደርሱት መርከቦች አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። ከውሃ በታች ባለው አካላቸው ላይ ባለ ዛጎል እንስሳት እየተጣበቁ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ የነዳጅ ወጪያቸውንም ይጨምራሉ። ለመከላከያ ይቀባ የነበረው ትራይቡታይልቲን የተሰኘ ቆርቆሮ ወለድ መርዝ የያዘ ቀለም የባህር ሕይወትን በመጉዳቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። ለተመሳሳይ ችግር ከዕፅዋት መፍትሔ ካመላከቱት መካከል ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ይገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ በ1964 ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ወደ አድዋ አቀኑ። እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው መገኘታቸውን በማስተዋል ምርምራቸውን ጀመሩ። በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው በአድዋ ለአምስት ዓመታት ባካሄዱት ሙከራ በሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። የመስኖ እርሻ የተስፋፋበት የአዋሽ ሸለቆም ቢልሃርዚያ ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ የግኝቱ ፋይዳ ከአድዋ የሚሻገር ነበር። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

በዚያው ወቅት ዜብራ መስል የተባለው ባለ ዛጎል እንስሳ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች በመውረር በውሃ ቧንቧዎችና በጀልባዎች አካል ላይ መጣበቅ ጀምሮ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ለዚህም ሊውል እንደሚችል አመለከቱ። ከአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የተካሄደው ሙከራ ግምታቸውን አረጋገጠ። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ የተሰጠው የፓተንት መብት የዩኒቨርሲቲው በመሆኑ የዕውቀቱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ድርሻ አከራካሪ ሆነ።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ኢንስቲትዩቱም በስማቸው ተሰይሟል። ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥታለች። የእንዶድ ታሪክ ምርምር ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ የአገር ዕውቀት በወቅቱ ካልተመዘገበና በሕግ ካልተጠበቀ ጥቅሙ ለሌላ ወገን ሊያልፍ እንደሚችል ለሥራ ኃላፊዎችና ለባለሙያዎች ትምህርት ይሰጣል።