ዴኒስ ሪቺና የእኔ ወረፋ

ተክለ ሃይማኖት የታክሲ ሰልፍ ይዞ ለሚያውቅ ሰው ኪው ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሳፈራል። ባለፈው ሴሚስተር ለኮርስ ፕሮጀክቴ እዚያው ሰፈር ላለ ክሊኒክ የታካሚዎችን ተራ የሚይዝ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። ለምን እደክማለሁ ብዬ የቤቴ ሊኑክስ ይዞት የመጣውን የኪው ላይብረሪ ተጠቀምኩ። ፕሮጀክቱን በማቀርብበት ቀን ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል ሳደርገው ሄደር ፋይሉ የለም አለኝ። ክፍሉ ሁሉ እያየኝ!

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዴኒስ ሪቺ ማንበብ የጀመርኩት።

ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒውዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል ተወለደ። አባቱ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ ነበሩ፤ እሱም ሃርቫርድ ፊዚክስና ሒሳብ ተምሮ በ1967 እዚያው ቤል ገባ። የዶክትሬት ጽሑፉን ጨርሶ ሳለ አስጠርዞ ስላላስገባ ዲግሪውን ሳይወስድ ቀርቷል (ተመራቂዎች፣ ልብ በሉ)።

በ1969 ባልደረባው ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስን ፒዲፒ-7 በተባለች ማሽን ላይ በአሴምብሊ ጻፈ። አሴምብሊ ግን ከአንድ ማሽን ጋር የተጋባ ነው፤ ማሽን ሲቀየር እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ሪቺ የሲ ቋንቋን ሠራና በ1973 ዩኒክስ ራሱ በሲ ተጻፈ። ቆይቶም ከስቲቭ ጆንሰን ጋር ሆኖ ዩኒክስን ኢንተርዳታ 8/32 ወደተባለ ሌላ ዓይነት ማሽን አዛወረው። የቀድሞው ፒዲፒ-11 ባለ16 ቢት፣ አዲሱ ባለ32 ቢት ነው፤ የባይቶቹም አቀማመጥ ይለያያል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ኮዱ ውስጥ ሳይታወቅ የተሸሸገ ግምት ሁሉ አንድ በአንድ ይወጣል። የእኔም ጥፋት እንዲህ ያለ ግምት ነበር።

ባልደረባቸው ማይክ ሌስክ በማንኛውም ማሽን እንዲሠራ ብሎ የጻፈው የግብዓትና ውጤት ላይብረሪ ተሻሽሎ የሲ ስታንዳርድ አካል ሆኗል። ስለዚህ ፕሪንትኤፍን ዊንዶውስም ሊኑክስም ያውቀዋል። ኪው ግን በ1989 በጸደቀው ስታንዳርድ ውስጥ አልገባም፤ እኔ የተጠቀምኩበት ፋይል ከበርክሌይ ዩኒክስ የመጣ ነው። ሲስተሙ ላይ አለ ማለትና ስታንዳርድ ነው ማለት ለካ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጓደኛዬ የራስህን ጻፍ፣ አርባ መስመር አይሞላም ይለኛል። አልተስማማሁም። ታካሚ መጠበቅ ሰልችቶት ሲሄድ ከሰልፉ መሐል መውጣት አለበት፤ ፖይንተር የሚበላሸው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። እኔ የበርክሌዩን ፋይል ገልብጬ ከራሴ ኮድ ጋር አስቀመጥኩት። ፈቃዱ ይህን አይከለክልም፤ ፋይሉም ማክሮ ብቻ ስለሆነ የትም ኮምፓይል ይሆናል። አሁን በሁለቱም ይሠራል።

ሪቺ በ1983 ከቶምፕሰን ጋር የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ። በኦክቶበር 2011 ብቻውን ይኖርበት በነበረው የኒው ጀርሲ ቤቱ ሞቶ ተገኘ። ስቲቭ ጆብስ ካረፈ ገና አንድ ሳምንት ነበር፤ ዓለም የጆብስን እያነበበ የሪቺን ሞት ብዙ ሰው ሳይሰማው አለፈ።