በ14 ዓመታቸው ከትልልቆቹ ጋር፦ ይድነቃቸው ተሰማና የዲላ ሜዳ ክርክር

ከሰዓት በኋላ ዲላ ላይ ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይመለስም። አንድ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ አብዶ ሠርቶ እኩዮቹን ሁሉ አልፎ ያገባል። ወዲያው አንዱ "ከ17 ዓመት በታች" ውስጥ ይግባ ይላል፣ ሌላው ልጁን ሊያሰብሩት ነው ብሎ ይቆጣል። እናት ትምህርቱስ ትላለች፣ አባት ዝም ይላል፣ አሰልጣኙ ደግሞ ቅዳሜ ጨዋታ አለበት። ዛሬ ለዚህ ክርክር የሚሆን የአንድ ትልቅ ሰው ታሪክ ይዘን መጥተናል። ስማቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ14 ዓመታቸው የት እንደነበሩ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም።

ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት በዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አዎ፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን ሄደው የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ያስቀረጹት፣ በግጥማቸውና በጨዋታቸው እስከዛሬ የሚነሱት ተሰማ እሸቴ። እንዲህ ያለ አባት ያለው ልጅ ዜማና ቅኔ ይከተላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ልጅየው ግን ኳስ ተከተሉ።

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ጊዜው ጣሊያን በሰሜን በኩል አገሩን እየወረረ ያለበት ነው። ይድነቃቸው ያኔ 14 ዓመታቸው ነበር። ቡድኑን ተቀላቀሉ፣ ከዚያም ለ23 ዓመት ያህል ከዚያ ማልያ አልወጡም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያኔ ከ15 በታች፣ ከ17 በታች የሚባል ነገር አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም። ፕሮጀክት የለ፣ የታዳጊ ሊግ የለ። የ14 ዓመቱ ልጅ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፦ ወይ ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ኳስ፣ ወይ ከትልልቆቹ ጋር። ስለዚህ እሳቸው በ14 ዓመታቸው ገብተው ትልቅ ሰው ሆነዋልና የኛም ልጅ ይግባ የሚለው ሙግት፣ በእኛ እይታ፣ ግማሹ ብቻ ነው የሚያስኬደው። እሳቸው እርከን ዘለው አልወጡም፤ የሚዘለል እርከን ራሱ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ቡድን እንደዛሬ ክለብ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጎረምሶች ስብስብ አልነበረም። ገና እየተቋቋመ ያለ የአራዳ ወጣቶች ቡድን ነው። ታዳጊው ከተቀመጠበት ወንበር ተነስቶ አምስት ደቂቃ የሚለምንበት ቦታ አልነበረም፣ ይጫወት ነበር። ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለናል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ክለቡ ገና የወራት ዕድሜ ላይ ነው። ፋሺስቶቹ ኳሱንም በዘር ከፋፈሉት፣ ሐበሻው ለብቻ፣ ጣሊያኑ ለብቻ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ተቀይሮ "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" ተባለ። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው ያለውን፣ ማለትም ዛሬ በሦስት የዕድሜ እርከን የምንከፍለውን ጊዜ፣ ያሳለፉት እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ተሳትፈዋል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሌላ የጣሊያኖች፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው።

በስማቸው የተመዘገበው 365 ጨዋታና 318 ጎል ነው። አስሉት እስኪ፣ በ10 ጨዋታ ወደ 9 ጎል! ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ መጫወታቸው ደግሞ ለኛ ከጎሉ በላይ ነው። በ14 ዓመት ጀምሮ እስከ 36 መዝለቅ ማለት ጉልበቱ አልተሰበረም ማለት ነው። ብዙው የሰፈራችን ኮከብ ግን 20 ሳይሞላው ነው ጉልበቱን ይዞ ሜዳ ዳር የሚቀመጠው።

ስለ ጉልበት ካነሳን አይቀር፣ ይህን አንብቡልን። ልጅ ቁመቱ በፍጥነት በሚመዘዝበት ጊዜ፣ ወንዶች ላይ በብዛት 13 እና 14 ዓመት አካባቢ፣ የአጥንቱ ጫፍ ገና አልጠነከረም። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ቦታ የሚያብጠውና የሚያመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ልምምድ ሲበዛ ይብሳል፣ ሲቀነስ ይሻላል። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች ደግሞ በሰውነት እድገት የዓመታት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ጢም አውጥቷል፣ ሌላው ድምፁ ገና አልጎረነነም። በእንግሊዝ አካዳሚዎች አንዳንድ ጊዜ ልጆችን በልደት ቀን ሳይሆን በሰውነት እድገታቸው መድበው የሚያጫውቷቸው ለዚህ ነው። ፔሌ እኮ በ17 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ አንስቷል የምትሉን አላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ግን ፔሌ አንድ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፣ ሁላችንም የምናውቀው። ከ17 በታች ተብሎ የሚገባው ሁሉ 17 አይደለም። ፊፋ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በታዳጊዎች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ የሚያየው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅህን ወደ 17 አሳደግኩት ስትል ከ20 ዓመት ጎረምሳ ጋር አጋጭተኸው ሊሆን ይችላል። በጌዴኦ የባሌ ሥርዓት ሰው በእርከን በእርከን ነው የሚሄደው፣ ኳሱ ላይ ሲደርስ ለምን እንደምንቸኩል አይገባንም። ሴቶቹ ጋ ነገሩ ይለያል። ለሴት ልጆች ያለው የታዳጊ ቡድን ጥቂት በመሆኑ፣ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የምናውቀውን ጌዴኦ ዲላን የምታልም ልጅ ያለችበት ሁኔታ ከ1928ቱ ይድነቃቸው ጋር ይቀራረባል።

የኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ልጁ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከትልልቆቹ ጋር ይለማመድ፣ ጨዋታውን ግን ከእኩዮቹ ጋር ያድርግ። ጠቅልሎ ከመውጣቱ በፊት አሰልጣኙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ካልሆነለት ያለ ሐፍረት ወደ እኩዮቹ ትመልሰዋለህ ወይ? መልሱ እሺ ካልሆነ ልጁ እዛው ይቆይ።

ወደ ጋሽ ይድነቃቸው እንመለስ። የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሰልጣኙ እሳቸው ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አራተኛዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

የ1958ቱን የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ስትተወው፣ አህጉሩ አንድ እንኳ የተረጋገጠ ቦታ የለውም ብለው ከተከራከሩት መካከል ነበሩ። በ1962 አንድ ቦታ ተገኘ፣ በ1974 ሁለት ሆነ። የደቡብ አፍሪካን የዘር አገዛዝ ከእግር ኳሱ ለማስወጣትም ዓመታት ታገሉ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

በእሳቸው ዘመን ነው የአፍሪካ ወጣቶች ውድድር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የናይጄሪያ ልጆች ቻይና ላይ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ16 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን አነሱ፣ ለአፍሪካ የመጀመሪያው የፊፋ ዋንጫ ነው። በልጅነታቸው እኩያ ቡድን ያልነበራቸው ሰው፣ ይህን በፕሬዚዳንትነት አዩ።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። የአፍሪካ ከ20 ዓመት በታች ዋንጫ በስማቸው "የተሰማ ዋንጫ" ይባል ነበር። እሳቸው ራሳቸው 20 ሲሞላቸው ከትልልቆቹ ጋር መጫወት ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሊሆናቸው ነበር።